የእጅ ፓምፑ መመሪያ በእሱ ድምፅ

ጂንካ ውኃ ቢሮ በታይፒስትነት ስቀጠር ደርግ ከወደቀ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም ነበር። አባቴ ከጋሞ በኩል መጥቶ ጂንካ የቀረ ግንበኛ ነው። እናቴ ስትሞት ሦስት ታናናሾቼ በእኔ እጅ ስለቀሩ ሥራ ማግኘቴ ለቤታችን ትልቅ ነገር ነበር። ቢሮው ከአውሮፕላን ሜዳው ማዶ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። ዝናብ ሲጥል የምመታውን ታይፕ ራሴም አልሰማውም።

በተቀጠርኩ በስንተኛው ወር እንደሆነ እንጃ፣ አንድ የጭነት መኪና በሳጥን የታሸጉ የእጅ ፓምፖች አራግፎ ሄደ። ከየሳጥኑ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ወጣ። ፓምፑ እንዴት እንደሚተከል፣ እንዴት እንደሚፈታ፣ ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። ኃላፊያችን መጽሐፎቹን ሰብስቦ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈባቸው። "ንብረት ነው፣ እንዳይጠፋ" አለ። ፓምፖቹ ገጠር ወረዱ፣ መጽሐፎቹ ጂንካ ቀሩ።

ቢሮው አንድ መካኒክ ነበረው። ከጂንካ በላይ ካለው የአሪ ገጠር የመጣ፣ ከእኔ አራት አምስት ዓመት የሚበልጥ፣ ረጅም፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው። አማርኛን የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ስለሆነ ወንድና ሴቱን እየቀላቀለ ይናገር ነበር። እኔን "አንተ" ይለኛል፣ ፓምፑን ደግሞ "እሷ"። መጀመሪያ ሰሞን እስቅ ነበር። ኋላ ግን ሌላው ሰው "አንቺ" ሲለኝ የሆነ ነገር የጎደለው ይመስለኝ ጀመር።

አንድ ቀን ከኃላፊው ቁልፉን ለምኖ አንዱን መጽሐፍ አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው።

"አንተ እንግሊዝኛ ታነባለህ አይደል?"

"አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ የተማርኩትን ያህል።"

"ይበቃል። አንተ አንብበው። እኔ የሚሆነውን እነግርሃለሁ፣ አንተ ጻፈው።"

እንዲህ ተጀመረ። ከመስክ ሲመለስ እጁን በነጭ ጋዝ ያጸዳና አጠገቤ ይቀመጣል። እኔ እያነበብኩ በአማርኛ እነግረዋለሁ፣ እሱ ግማሹን "ይህ እዚህ አይሠራም" ብሎ ይጥለዋል። መዝገበ ቃላት አገላብጬ "የብሎን ማጥበቂያ" ብዬ የጻፍኩለት ቀን ወረቀቱን ደጋግሞ አየው።

"ምንድን ነው እሱ?"

ሥዕሉን አሳየሁት።

"ዳዶ ነው እንጂ። ዳዶ ብለህ ጻፍ። እንደዚህ ከጻፍከው ማንም አይፈታትም።"

ዳዶ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ መዝገበ ቃላቱን ብዙም አልነካሁትም።

ሥዕሎቹን ራሱ ሣላቸው። የማባዣው ሰም ወረቀት፣ ስቴንስሉ፣ እንዳይቀደድ ትንፋሹን ይዞ፣ ቀለም ባለቀበት እስክሪብቶ ቀስ እያለ ይጭራል። እኔ ታይፑን ትቼ እጁን አያለሁ። ያን ሁሉ ብረት ሲጠመዝዝ የሚውል እጅ መስመር ሲያሰምር ሕፃን እንደያዘ ይጠነቀቅ ነበር። አሥራ ሁለት ገጽ ወጣው። በእጅ በሚዞረው ማባዣ አባዝተን፣ በስቴፕለር መትተን ለየመንደሩ አከፋፈልን።

ከጥቂት ወራት በኋላ ኦሞራቴ አጠገብ ያለ አንድ ፓምፕ ቆመ ተባለና አብሬው እንድሄድ ተፈቀደልኝ፤ መመሪያው እንዴት እንደሠራ አይተሽ ሪፖርት አድርጊ ተብዬ ነው። ደርሰን ፓምፑን የምትጠብቀውን የዳሰነች ሴት መመሪያችን የት እንዳለ ጠየቅናት። አብሮን የሄደው አስተርጓሚ ሳቀና መልሷን ነገረን።

"ወረቀቱ ያውቃል። ግን ወረቀቱ ከብት እየጠበቀ ነው።"

በመንደሩ ማንበብ የሚችለው አንድ ጎልማሳ ብቻ ስለነበር መመሪያው ለእሱ ተሰጥቶት ኖሯል። እሱ ከብቶቹን ይዞ ወደ ሣር ሲሄድ መመሪያውም በአገልግሉ ውስጥ አብሮት ሄደ። ሴትዮዋ ግን ፓምፑ አጠገብ ነበረች፤ ሁልጊዜም እዚያው ናት።

ስንመለስ ቱርሚን እንዳለፍን መካኒኩ ተናገረ።

"ለሚያነብ ሰው ጻፍን። የሚፈታት ሰው ግን ሌላ ነው።"

ስለዚህ ሁለተኛው መመሪያ ፊደል የሌለበት ሆነ። አንድ ትልቅ ወረቀት፣ ዘጠኝ ሥዕል፣ ከመጀመሪያው ብሎን እስከ መጨረሻው። ኮምፔርሳቶ ላይ ለጥፈን፣ በወፍራም ላስቲክ ሸፍነን በየፓምፑ አጠገብ ባለ ቤት ውስጥ ሰቀልነው። አንዳንዱን ምስጥ በላው፣ አንዳንዱን ጭስ አጠቆረው። ቢሆንም በብዙ ቦታ ሠራ። ሰዎች ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አድርገው በሌላው እጃቸው ሲፈቱ አይቻለሁ። እንደዚያ ያለ ደስታ በሥራዬ ብዙ ጊዜ አላገኘሁም።

እነዚያን ሰሌዳዎች ስናዳርስ ነው ቀይ አፈር ከተማ ላይ መኪናችን ጎማ የፈነዳበት። የገበያ ቀን ነበር። ሹፌሩ ጎማውን ሊያስለጥፍ ሲሄድ እኛ የተረፉትን ሰሌዳዎች እየጠበቅን ከአንድ ግራር ሥር ተቀመጥን። ገበያተኛው ማርና ቅቤውን ተሸክሞ በፊታችን ያልፋል። መካኒኩ እኔን ሳያይ፣ "ወደ አባትህ ሽማግሌ ብልክ ምን ትላለህ?" አለኝ።

ልቤ የሚለውን አውቅ ነበር። አፌ ግን ቤት ያሉትን ሦስቱን አስቀደመ።

"ትንሽ ቆይ" አልኩት። "ታናናሾቼ ትምህርታቸውን ይጨርሱ።"

"ስንት ዓመት?"

"ሦስት።"

ራሱን ነቀነቀ። ሹፌሩ ሲመለስ ተነሥቶ ሰሌዳዎቹን አንድ በአንድ ጫነ።

ሁለት ዓመት ጠበቀ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ቢሮ ውስጥ ስለዚያ ነገር ትንፍሽ ብለን አናውቅም። ግን ማለዳ ከእኔ ቀድሞ ከገባ የታይፕራይተሬን አቧራ አራግፎልኝ አገኘዋለሁ። ከዚያ አባቱ ታመሙ። ቤተሰቡም ሽማግሌው ዓይናቸው ሳይከደን ልጃቸውን ጎጆ አስወጥተው እንዲያዩ ፈለገ። አንድ ጠዋት መጥቶ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመ።

"ሦስት አልሞላም" አልኩት፤ ፊቱን አይቼ ነው።

"አውቃለሁ። አባቴ ግን ሦስት አይደርስም።"

ቤተሰቡ ያጩለትን ሊያገባ የሠርግ ፈቃድ መጠየቂያ ደብዳቤውን የመታሁለት እኔ ነኝ። ሌላ ታይፒስት አልነበረም። አንድም ፊደል አልሳትኩም። ፈርሞ ሲወጣ ካርቦን ኮፒውን ፋይል ውስጥ አስገባሁና ሽንት ቤት ገብቼ ብዙ ቆየሁ።

ከዚያ በኋላም ከሃያ ዓመት በላይ አብረን ሠራን። ሰው ይህን ሲሰማ እንዴት ቻልሽው ይለኛል። እንዴት እንደቻልኩት ሳይሆን ባይኖርስ ኖሮ ምን እሆን እንደነበር ነው እኔ የማስበው። ሚስቱ ጥሩ ሰው ናት፤ የበኩር ልጇን ስትወልድ ገንፎ በልቻለሁ። እኔን የሚጠይቁም አልጠፉም ነበር። አባቴ ሁለቱን እሺ ብሎ እኔ እምቢ አልኩ። ታናናሾቼ ተማሩ፣ አገቡ፣ ከጂንካ ወጡ።

ቢሮውም ተለወጠ። ታይፕራይተሩ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሄዶ ኮምፒውተር መጣ፤ እኔም የሰነድ ክፍል ሠራተኛ ተባልኩ። መመሪያዎች ሁሉ በሲዲ ይሰራጩ የሚል ትእዛዝ የወጣበት ዓመት ነበር። ሲዲዎቹን ለየወረዳው ላክን። በኋላ ለቁጥጥር ስንወርድ አንድ የማሽላ ማሳ ላይ በክር ተንጠልጥለው በፀሐይ ሲያብረቀርቁ አገኘናቸው። ወፉን ጥሩ አድርገው ያባርራሉ። መካኒኩ ያን ቀን ከልቡ ሳቀ፤ መንገድ ዳር ቆሞ ሆዱን ይዞ። እስካሁን ሳቁን ሳስታውስ የማየው በዚያ ማሳ ዳር ነው።

ከዚያ ዓይኑ መድከም ጀመረ። ሐኪሞቹ የዓይን ግፊት ነው፣ ዘግይተሃል አሉት። መጀመሪያ ሥዕሎቹን ወደ መስኮት አስጠግቶ ያይ ነበር። ቀጥሎ እኔ እያየሁ እነግረው ጀመር። በመጨረሻ ከቢሮ ተሰናብቶ ወደ መንደሩ ወጣ። ባዶ ወንበሩን ሌላ ሰው እስኪይዘው ድረስ ጠዋት ጠዋት አቧራውን እጠርግለት ነበር።

ድምፁን የመቅዳት ሐሳብ የእኔ ነው። ያን ጊዜ በየመንደሩ ስልክ ገብቷል፤ የማያነብ ሰው ሁሉ ዘፈን በሜሞሪ ካርድ ያዳምጣል። እሱ ደግሞ ከዞኑ ሁሉ በላይ ፓምፑን የሚያውቅ ሰው ሆኖ ቤቱ ተቀምጧል። ኃላፊውን አስፈቅጄ ሄድኩ። ሚስቱ ደጃፍ ላይ ተቀበለችኝና "መጥታለች" አለችው። ማን እንደመጣ አልጠየቀም።

"ፓምፗ ዘንድ ውሰዱኝ" አለ።

መንደሩ ውስጥ የእኛ ፓምፕ ነበር። ሚስቱ እጁን ይዛ አደረሰችው። እኔ ስልኩን ከፍቼ ያዝኩ፤ እሱ ሳያይ መፍታት ጀመረ። ጣቶቹ ብሎኑን ያገኙታል፣ ቁልፉን ያስገባሉ፣ ይጠመዝዛሉ፤ አፉም እየተከተለ ይናገራል፣ አንዴ በአሪኛ አንዴ በአማርኛ። "ይህ ድምፅ ተሰማህ? ጠቅ አለ። ጠቅ ካለ በቃ፣ አትጨምር።" ዘንጉን ስቦ አወጣና ከጫፉ ላይ ያለችውን የቆዳ ቀለበት በጣቱ ዳሰሳት። "ደርቃለች። ቀለበቷን ዘይት አጠጣት። ዘይት ካልጠጣች ውኃ አትሰጥም።" መልሶ ገጥሞ እጀታውን ሲመታ ውኃው እያጓራ መጣ። ያም ተቀድቷል።

ለሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ሠራን። በመጨረሻው ቀን ስልኩን ዘግቼ ስነሣ "ጠፋ?" አለኝ።

"ጠፍቷል።"

"ያኔ ቀይ አፈር ላይ ትንሽ ቆይ ያልከኝ ልክ ነበርክ" አለ። "ልጆቹ ተማሩ።"

እጁን ጨብጬ ወረድኩ። ከዚያ በሁለተኛው ክረምት ሞተ። ቀብሩ ላይ ከዘመዶቹ ኋላ ቆሜ እንደ ባልደረባ አለቀስኩ።

ድምፁ ግን ተስፋፋ። እኛ ለአሥር መንደር ነበር የሰጠነው፤ ሰው ከስልክ ወደ ስልክ እየላከው የት እንደደረሰ ማወቅ አልቻልንም። አንድ ሐሙስ ቀይ አፈር ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ ከኋላዬ "ዘይት ካልጠጣች ውኃ አትሰጥም" አለ። ዞር ስል አንድ ባትሪ ሻጭ ስልኩን ከፍቶ ለጓደኛው ያሰማዋል። ሽንኩርቱን ሳልገዛ እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ቆምኩ።

ከዚያ በኋላ አዲሶቹ ፓምፖች መጡ። ከውጭ ሲያዩአቸው የድሮዎቹን ይመስላሉ። ውስጣቸው ግን ቀለበቷ ከቆዳ መሆኗ ቀርቶ ጎማ ሆናለች። ጎማ ዘይት አይወድም። አዲስ የተቀጠረው ኢንጂነር፣ ሥራውን የሚወድ ቁም ነገረኛ ልጅ፣ ከመስክ ተመልሶ ጠረጴዛዬ ዘንድ መጣ።

"እትዬ፣ ጎማዎቹ አብጠዋል። ቧንቧው ውስጥ ተቀርቅረው ዘንጉ አልወጣም ብሏል። በአራት መንደር። ጠባቂዎቹን ስጠይቃቸው ዘይት ቀባንባቸው አሉኝ። ማን ነገራችሁ ስላቸው ስልክ አወጡ።"

ፊት ለፊቴ የነበረውን ፋይል ዘጋሁ።

"ሰውዬው ማን ነው? ብናገኘው አስተካክሎ እንዲቀዳልን እናደርግ ነበር።"

"እዚህ ይሠራ የነበረ መካኒክ ነው" አልኩት። "አይገኝም።"

ስብሰባ ተጠራ። ኃላፊው፣ አሁን ሌላ ኃላፊ ነው፣ መመሪያው በወረቀት ይሁን በስልክ ወስኑ አለን። ኢንጂነሩ በቴሌግራም ይሁን አለ፤ ስህተት ቢገኝ በአንድ ቀን ይታረማል፣ የታተመ ወረቀት ግን ከማተሚያ ቤት ሲወጣ ጀምሮ ያረጃል። ልክ ነበር። እኔ ደግሞ የድሮዎቹን ሰሌዳዎች አስታወስኳቸው። የትኛው ሰሌዳ የት እንደተሰቀለ ስለምናውቅ ስንለውጣቸው በመኪና ዞረን አንድ በአንድ ሰብስበናቸዋል። "ወረቀት የት እንዳለ ይታወቃል" አልኩ። "ስልክ ውስጥ የገባውን ግን ማን ይሰበስበዋል?" ብዙ ተከራክረን ሁለቱንም ያዝን። አንድ ገጽ ወረቀት ታትሞ፣ በላስቲክ ተለብጦ በየፓምፑ የመፍቻ ሳጥን ውስጥ ይታሰራል፣ የፓምፑ ዓይነትም ከላይ በትልቁ ይጻፍበታል። ዝርዝሩ በስልክ ይሂድ። አዲስ ድምፅም ይቀዳ፤ የመጀመሪያው ቃል የፓምፑ ስም ይሁን። አሮጌው ይሰረዝ።

ደብዳቤውን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። "ከዚህ ቀደም የተሰራጨው የድምፅ መመሪያ ከአገልግሎት ውጪ በመሆኑ ከማንኛውም መሣሪያ ላይ እንዲሰረዝ" ይላል። ደብዳቤ ብቻውን እንደማይበቃ ስለማውቅ ራሴ ወረድኩ።

መጀመሪያ የሄድኩት ከቀይ አፈር ብዙ የማይርቅ መንደር ነው። ሁለት የፓምፕ ጠባቂዎች ስልካቸውን ይዘው አመነቱ። አንደኛው "የሞተ ሰው ድምፅ ይሰረዛል እንዴ?" አለኝ። የራሴን ስልክ አወጣሁ። "እኔም አለኝ፤ እዩ" ብዬ ከፊታቸው ሰረዝኩት። እነሱም ሰረዙ። ለእኔ ቀለል ያለኝ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ዋናው ቅጂ አለ ብዬ ስለማምን ነበር።

ጂንካ ስመለስ ፋይሉ የለም። ኢንጂነሩን ጠየቅሁት።

"ሰረዝኩት፣ እትዬ። ደብዳቤው ከማንኛውም መሣሪያ ይላል" አለ።

"ልክ ነህ" አልኩት። የራሴ ዓረፍተ ነገር ነው። የመካኒኩ ሚስት ዘንድ ወጣሁ። ለልጆቹ የሰጠኋቸው ቅጂ የነበረበት ስልክ ከተበላሸ ሁለት ዓመት ሆኖታል አለችኝ። እሷም አዘነች። ሁለታችንም ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ስለ ዝናቡ አወራን።

በመጨረሻ የደረስኩት ኦሞ ወንዝ ዳር ያለው ዱስ መንደር ነው። እዚያ ፓምፑን የምትጠብቀው በእኔ ዕድሜ ያለች የካሮ ሴት ናት፤ የትምህርት ቤቱ መምህር አስተረጎመልን። ስልኳን ከአንገቷ አውጥታ ከፈተችው። እሱ ነው፤ ሳል ካለ በኋላ "ተሰማህ?" ሲል።

"አማርኛውን ይሰሙታል?" አልኩት መምህሩን። ጠየቃት።

"ጥቂት ነው የምሰማው" አለች። "ግን ብረቱን እሰማለሁ። የእሱ ብረት ጠቅ ሲል የእኔንም ጠቅ አደርጋለሁ። ውኃ እስኪመጣ ድረስ አብረን ነን።"

ተነሥቼ ፓምፑን አየሁ። የድሮው ነው፤ ባለ ቆዳ ቀለበት። ለዚያ ፓምፕ የእሱ ቃል ሁሉ አሁንም እውነት ነበር። ስለዚህ እንዳትሰርዘው ነገርኳት። "ይህ ፓምፕ እስካለ ይኑር" አልኩ። "አዲስ ሲተከል ግን አጥፊው። ዘይት አዲሱን ይገድለዋል።" መምህሩ ሲተረጉም በጥሞና ሰማችና ገባኝ አለች።

ከዚያ ለእኔም እንድትልክልኝ ለመንኳት። ደስ አላትና ስልኮቹን አጠጋጋን። ድምፁ መተላለፍ ገና ሲጀምር የእሷ ስልክ ጠፋ፤ ባትሪ ጨርሷል። የፀሐይ ቻርጀሩን ልጇ ይዞት ወደ እርሻ ወርዷል፤ ማታ ይመለሳል አሉኝ። ሹፌሩ ደመናውን እያየ፣ ከዘነበ ደረቅ ወንዙ አያሳልፈንም ብሎ ቆሟል። ሌሎቹ የመኪናው ሰዎች ተሳፍረዋል። ሌላ ጊዜ እመጣለሁ ብያት ወጣሁ።

አዲሱን መመሪያ በራሴ ድምፅ ቀዳሁት። ሥራው ጥሩ ነው፤ ሰው ይጠቀምበታል፣ ጎማም አላበጠም። እኔም ጡረታ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ዱስ የሚወርድ መኪና ሳገኝ ድምፁ አሁንም ስልኳ ላይ እንዳለ እንዲጠይቁልኝ ለሹፌሮች መልእክት እሰጣለሁ። ባለፈው ሰሞን አንዱ መልስ ይዞልኝ መጣ። ሴትዮዋ ደህና ናት አለኝ። ፓምፑስ? ተቀይሯል፣ አዲስ ነው። ስልኳስ? ስለ ስልኳ መጠየቁን ረስቷል።

"ስመለስ እጠይቅልዎታለሁ" አለኝ።

ከሄደ ሦስት ሳምንት ሆነው። ታች ዝናብ ነው፣ መንገዱ አልተከፈተም ይላሉ።